ጌጥ ወይስ ዓምድ? የጭፈራ ትርጉም ከመንዝ ሜዳ እስከ ዘመናዊው ባሌት

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ስመ ጥር ሰው ሲሞት የቀድሞው ሥርዐተ ለቅሶ በቃል ብቻ የሚፈጸም አልነበረም። የሟቹ ፈረስ እንደ ወጉ ተጭኖ፣ ኮርቻው ግን ባዶ ሆኖ በለቅሶው ሜዳ ይዞራል። ጠመንጃው ወይም ጋሻና ጦሩ፣ የክብር ልብሱም ጭምር ለሕዝብ ይታያል። አልቃሽ ሙሾ ስታወጣ ለቀስተኛው ክብ ሠርቶ ደረቱን እየመታ ይቀበላታል። ባዶው ኮርቻ ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያስረዳ ሰው አይቆምም፤ ማስረዳትም አያስፈልግም ነበር።

ከዚህ ላይ መገንዘብ የሚገባው፣ በእንዲህ ያለው ሥርዐት ውስጥ ዕቃው፣ ልብሱ፣ ቦታው፣ እንቅስቃሴውና ድምፁ አንዱ የሌላውን ሸክም ተጋርቶ አንድ ሐሳብ የሚያቆም መሆኑን ነው። በሕንፃ ሥራ ጌጥና ተሸካሚ አካል የተለያዩ ናቸው። ጌጡ ቢነሣ ሕንፃው ይቆማል፤ ዓምዱ ቢነሣ ግን ይፈርሳል። በመድረክ ላይ የሚታየው ጨርቅ፣ የሚበራው መብራት፣ የሚረገጠው ወለል ጌጥ ነው ወይስ ዓምድ? ይህ ጥያቄ በሃያኛው መቶ ዓመት የመድረክ ጥበብን በብዙ ያነጋገረ ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ታሪክም አለው።

የደጋው ኅብረተሰብ በልብስ የመነጋገር ልማዱ የቆየ ነው። ሸማውን አደግድጎ የቆመ ሰው በበላዩ ፊት መቆሙን ያስታውቃል። ጥለቱን ወደ ላይ አዙሮ አንገቱና አፉ አካባቢ ያደረገ ሰው ሐዘን ላይ መሆኑን ቃል ሳይናገር ይገልጻል። የሚፎክር ሰው ከሕዝቡ መካከል ወጥቶ፣ መሣሪያውን ይዞ፣ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ የዘሩንና የራሱን ጀብዱ ሲዘረዝር፣ የሚንጎራደድባት መሬት ለዚያች ጊዜ የእርሱ ብቻ ትሆናለች። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን የመንዝን ኑሮ በስፋት የተመለከተበትንና እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎ መሰየሙ ያለ ምክንያት አይደለም። በንግግር ላይ የታወቀው ድርብ ትርጉም በልብስና በአቋቋምም ላይ ይሠራልና።

ይህንኑ ጉዳይ ከሌላ አቅጣጫ ለመመርመር እጅግ የሚመቸው ሥራ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 1958 በኒው ዮርክ በአደልፊ ቲያትር ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው «ክሊተምኔስትራ» የተባለው የማርታ ግራሃም ባሌት ነው። መሠረቱ የጥንቱ ግሪካዊ ደራሲ ኤስኪለስ የደረሰው ተከታታይ ተውኔት ነው። ንጉሡ አጋሜምኖን መርከቦቹን ወደ ትሮይ የሚነዳ ነፋስ ለማግኘት ሲል ሴት ልጁን ኢፊጌንያን ይሠዋል። ድል አድርጎ በተመለሰ ጊዜ ሚስቱ ክሊተምኔስትራ ትገድለዋለች፤ እርሷንም ልጇ ኦሬስቴስ የአባቱን ደም ለመመለስ ይገድላታል። ባሌቱ የሚጀምረው ግን ከሁሉ መጨረሻ፣ ከሙታን ዓለም ነው። ንግሥቲቱ በሙታን መካከል ክብር ተነፍጋ፣ ምክንያቱን ለማወቅ የኖረችውን ሕይወት ወደ ኋላ ትመረምራለች። ስለዚህ መድረኩ ቤተ መንግሥትም፣ የጦር ሜዳም፣ የአንዲት ሴት ትዝታም መሆን ነበረበት።

ለዚህ ሁሉ መልስ የሰጡት የዝግጅቱ ክፍሎች ናቸው። ቀራጩ ኢሳሙ ኖጉቺ ሙሉ ቤተ መንግሥት አልገነባም፤ ጥቂት ቅርጾችን ብቻ አቁሞ የቀረውን ቦታ ለሰው አካል ተወ። ከሁሉ የጎላው ቀዩ ጨርቅ ነው። ድል አድራጊው ንጉሥ ሲገባ የሚረግጠው የክብር ምንጣፍ ይኸው ጨርቅ ሲሆን፣ ኋላም የሞቱን ስፍራ የሚሸፍን መጋረጃ ይሆናል። ክብርና ደም በአንድ ጨርቅ ላይ ስለ ተጻፉ ተመልካቹ የመጀመሪያውን ሲያይ ሁለተኛውን ይጠብቃል። የመብራት ሥራን ራሱን የቻለ ሙያ ካደረጉት ቀዳሚዎች አንዷ የሆነችው ጂን ሮዘንታል ደግሞ ብርሃኑን አዘጋጀች። ብርሃን አንዱን ገልጦ ሌላውን በጨለማ ሲተው፣ ያለፈው ዘመንና የአሁኑ ሰዓት በአንድ ወለል ላይ ሳይደባለቁ ሊኖሩ ይችላሉ።

የተጨፋሪዎቹ አመዳደብም የራሱ መልእክት ነበረው። አባቱን አጋሜምኖንንና ልጁን ኦሬስቴስን የተጫወተው አንድ ሰው፣ በርትራም ሮስ ነበር። በዚህም ገዳይዋ ንግሥት በመጨረሻ የምትገደለው በገደለችው ሰው ገጽ ነው። ይህን ያህል ትርጉም ለማስተላለፍ አንድም ንግግር አላስፈለገም። የንግሥቲቱን ክፍል የተጫወተችው ማርታ ግራሃም ራሷ ስትሆን፣ በዚያን ጊዜ ዕድሜዋ 63 ዓመት ነበር። በዕድሜ የገፋ አካል የኖረበትን ዘመን ሲመረምር ማየት፣ ለታሪኩ ከማናቸውም ልብስ የበለጠ ክብደት ይሰጠዋል።

የዚህን ባሌት ሙዚቃ የደረሰው ሐሊም ኤል-ዳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 በካይሮ የተወለደው ይህ ሰው በዩኒቨርሲቲ የተማረው የእርሻ ምህንድስና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 የሽቦ መቅረጫ መሣሪያ ይዞ የዛር ሥርዐት ከሚፈጸምበት ቦታ በመግባት የሴቶቹን ዜማ ከቀረጸ በኋላ፣ በሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ድምፁን በመሣሪያ እየለወጠ አዲስ ድርሰት አደረገው። ይህም ሥራው በዓለም የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ ከመጀመሪያዎቹ ተርታ ይቆጠራል። ዛር በኢትዮጵያም የታወቀ በመሆኑ፣ የኤል-ዳብ የሙዚቃ መንገድ ገና ከመነሻው ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አልነበረም ለማለት ይቻላል።

ኤል-ዳብ ከ«ክሊተምኔስትራ» አራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1963ም ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። የቡድኑ ሐሳብ በአገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍሎች በየራሳቸው ጊዜና ቦታ የሚሰሙትን መሣሪያዎች በአንድ መድረክ ማሰባሰብ ነበር። በጾም ወራት ለጸሎት የሚደረደረው በገና፣ የአዝማሪው መሰንቆ፣ የእረኛው ዋሽንት፣ በመኳንንት አደባባይ ይነፋ የነበረው እምቢልታ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ቡድኑ ኋላ በጆን ኮና በተስፋዬ ለማ መሪነት ቀጥሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ብሉ ናይል ግሩፕ በሚል ስም በአሜሪካ ተዘዋውሮ አሳይቷል። በ1975 ተበተነ።

የዚህ ሥራ ዋጋ ከፍ ያለ መሆኑ አያጠራጥርም። የሆነ ሆኖ መሣሪያው ቦታውን ሲለቅ ትርጉሙም አብሮ መንቀሳቀሱ የማይቀር ነው። ለዚህም አዳራሾቹ ራሳቸው ምስክሮች ናቸው። በ1948 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀው፣ ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር የሚባለው ሕንፃ በፈረንሳዊው አርክቴክት በአንሪ ሾሜ ንድፍ የተጠናቀቀ ሲሆን፣ ተመልካቹ በአንድ ወገን ሆኖ ወደ መድረኩ እንዲያይ የተሠራ ነው። በመንዝ የሠርግ ዳስ ግን የጭፈራው ቅርጽ ክብ ነው። እያጨበጨበ ዜማውን የሚቀበለው ሕዝብ ተመልካች ብቻ ሳይሆን ጭፈራውን የሚሸከም ዓምድ ነው፤ ከክቡ የወጣው ተጨፋሪም ተመልሶ አጨብጫቢ ይሆናል። በአዳራሽ ውስጥ ይኸው ሕዝብ በጨለማ ተቀምጦ እስከ ፍጻሜው ዝም ይላል። ጭብጨባው ከሥራው ውስጥ ወጥቶ የሥራው ዋጋ መክፈያ ሆነ ማለት ነው።

በልብስ በኩልም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። መንዝ አብዛኛው ክፍሉ ከ3,000 ሜትር የማያንስ ብርዳማ ደጋ በመሆኑ፣ ሕዝቡ የበጉን ጸጉር በደጋን ነድፎ፣ በእንዝርት ፈትሎ፣ ባናና ዝተት ሲሠራ ኖሯል። ከ3,200 ሜትር በላይ ባለው የጓሳ ሜዳ የሚበቅለው ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ጌሳ ለሚባለውም የዝናብ መከላከያ ልብስ ይውላል። በዋና ከተማው መድረክ ላይ ግን የሰሜኑ ጭፈራ ሁሉ ዘወትር በነጭ የጥጥ ልብስ ስለሚቀርብ፣ የመንዝ ደጋና በጃማና በወንጪት መካከል ያለው የመርሐቤቴ ምድር በአንድ መልክ ይታያሉ። እስክስታ በትከሻ፣ በአንገትና በደረት የሚነገር ቋንቋ ነው። ወፍራም ባና የደረበ ትከሻና ስስ ነጠላ የጣለ ትከሻ አንድ ዓይነት ቃል አይናገሩም። ባናውን ጥሎ ወደ ክቡ የሚገባ ሰው ከብርዱና ከሸክሙ የመውጣቱን ስሜት ይዞ ይገባል፤ ባናው ከሌለ ያ ስሜት መነሻ ያጣል።

እንግዲህ የ«ክሊተምኔስትራ» ትምህርት የግሪክን ታሪክ ወይም የኒው ዮርክን አዳራሽ መቅዳት አይደለም። አንድ ጨርቅ በመድረክ ላይ ከመዘርጋቱ በፊት ምን እንዲሸከም እንደ ተፈለገ መጠየቅ ነው። ጭፈራን ከሜዳ ወደ መድረክ የሚያሸጋግር አዘጋጅ፣ ልብሱን የሚሰፋ ባለሙያ፣ አዳራሹን የሚነድፍ መሐንዲስም ይህ ጥያቄ በእኩል ይመለከታቸዋል። ወለሉ የእግርን ድምፅ ይመልሳል ወይስ ይውጣል? ተመልካቹ ክብ መሥራት ይችላል ወይስ አይችልም? እነዚህ በንድፍ ወረቀት ላይ የሚወሰኑ ነገሮች ናቸው፤ ሕንፃው ካለቀ በኋላም በቀላሉ አይታረሙም።

ባናን የሚሠሩ እጆችና የለቅሶን ሥርዐት የሚያውቁ ሽማግሌዎች ባሉበት ዘመን ይህን ጠይቆ መመዝገብ ይቻላል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የእንቅስቃሴው ቅርጽ ብቻ ይሆናል። የሟቹን ኮርቻ በወርቅ አስጊጦ ፈረሰኛ ቢያስቀምጡበት ዕቃው ያምር ይሆናል፤ ለቅሶው ግን የለም።