ስለ መግደፍና ስለ ታላቁ ብቸኛ ቍጥር

ብቸኛ ቍጥር የሚባለው ከአንድና ከራሱ በቀር ሌላ ቍጥር ያለ ቀሪ የማያካፍለው ነው፤ 7፣ 19ና 31 ከዚህ ወገን ናቸው። ከመራዊ ተነሥተን ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የመጣን ተማሪዎች ይህን ቍጥር ያወቅነው ከጥቍር ሰሌዳ ስለ ሆነ፣ የጎጃም አብነት ትምህርት ቤቶች ከነገሩ የራቁ ይመስለናል። ይህ አስተያየት ግማሽ እውነት ብቻ መሆኑን ከዚህ በታች ለማሳየት እሞክራለሁ።

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዓመተ ዓለሙን በ19 ይገድፋሉ፤ ይኸውም ድርሻውን ትተው ቀሪውን ይይዛሉ ማለት ነው። ለምሳሌ በ2017 ዓ. ም. ላይ 5500 ሲጨመር 7517 ይሆናል። ይህ በ19 ሲገደፍ 12 ይቀራል፤ አንድ ሲነሣለት ወንበሩ 11 ነው። 11 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1፣ 11 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ይወጣል።

19 የተመረጠው ብቸኛ ስለ ሆነ አይደለም፤ የፀሐይንና የጨረቃን ዙር ስለሚያገናኝ ነው። ሆኖም ብቸኝነቱ ሥራ ይሠራል። ዐውደ ፀሐይ 28 ዓመት ነው፤ 19ና 28 የጋራ ከፋይ ስለሌላቸው ሁለቱ ዙሮች የሚገጥሙት በ532 ዓመት ነው። በ19 ፈንታ 20 ቢሆን ኖሮ በ140 ዓመት በገጠሙ ነበር።

በአውሮፓም ነገሩን ያስፋፋው መነኵሴ ነበር። ፈረንሳዊው መርሴን በ1644 (እ. ኤ. አ.) ሁለት በራሱ እየተባዛ አንድ ሲቀነስለት የሚገኙትን ብቸኛ ቍጥሮች ዘረዘረ፤ ዝርዝሩ ግን ስሕተት አልጠፋውም። በ1876 የአገሩ ሰው ሉካ የ127 ሁለቶችን ብዜት አንድ ቀንሶ፣ ባለ 39 አኃዙ ቍጥር ብቸኛ መሆኑን አስረዳ። አሜሪካዊው ሌመር በ1930 ያቃናው የሉካ ዘዴም መግደፍ ነው። አንባቢ በ31 ይሞክረው፤ 31 የአምስት ሁለቶች ብዜት አንድ ሲቀነስ ነው። ከ4 ተነሥቶ ቍጥሩን በራሱ ማባዛት፣ ሁለት መቀነስ፣ በ31 መግደፍ፤ ይህንም ከአምስቱ ሁለት ሲቀነስ የሚቀረውን ያህል፣ ሦስት ጊዜ መደጋገም ነው። በመጀመሪያ 14፣ ቀጥሎ 8፣ በመጨረሻ 0 ይወጣል። ዜሮ ከወጣ ቍጥሩ ብቸኛ ነው።

በጥቅምት 2017 ዓ. ም. አሜሪካዊው ሉክ ዱራንት ያገኘው የ136,279,841 ሁለቶች ብዜት አንድ ሲቀነስ ብቸኛ መሆኑ የተረጋገጠው በዚሁ ዘዴ በኮምፒዩተር ነው። አኃዞቹ 41,024,320 ናቸው፤ በየሴኮንዱ አንድ አኃዝ ሌሊትና ቀን ቢነበብ ከ474 ቀን በላይ ይፈጃል።

እንግዲህ የእኛ ሊቃውንት መሣሪያውን ይዘው ነበር፤ የያዙት ግን በዓላትን ለማውጣት እንጂ ስለ ቍጥሩ ጠባይ ለመጠየቅ አልነበረም። 2017ም 7517ም ሁለቱም ብቸኛ ቍጥሮች ናቸው፤ ዓመተ ዓለሙን በ19 ለሚገድፍ ሰው ግን ይህ ለውጥ አያመጣም። ጥያቄውን ማንሣት የእኛ የተማሪዎች ፈንታ ነው። ስለዚህ በዕረፍት ወራት ወደ አገራችን ስንመለስ የኔታ ዘንድ ደብተር ይዘን እንቀመጥ፤ እርሳቸው መግደፉን ያስተምሩን፣ እኛም ለምን እንደሚሠራ እንመርምር።