ማሳሰብና ማስጠንቀቅ፦ ከራያና ቆቦ የረኃብ ታሪክ የሚነሣ የቃላት ጥያቄ



እንግሊዝኛ «አድቫይዝ»፣ «ኮሽን»፣ «ዋርን» የሚሉ ተቀራራቢ ግሦች አሉት። እኛም መከረ፣ አሳሰበ፣ አስጠነቀቀ እንላለን። በትርጉም ሥራ አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ብዙ ጊዜ እናልፈዋለን። የወሎ የረኃብ ታሪክ ግን ልዩነቱ በቀላሉ የሚታለፍ እንዳልሆነ ያሳያል።

መካሪ ውሳኔውን ለተመካሪው ይተዋል። «አሳሰበ» ከ«አሰበ» የወጣ ስለሆነ ከሰሚው የሚፈልገው እንዲያስብበት ነው። «አስጠነቀቀ» ግን አደጋው መቅረቡን ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ዝም ያለ ሰው ተጠያቂነቱን ከራሱ ላይ ማውረድ አይችልም። እንግሊዝኛው «ዋርን» ከበታች ወደ በላይም ያለ ችግር ይሄዳል። በእኛ የጽሕፈት ቤት ልማድ ግን የበታች ሹም ለበላዩ ያመለክታል፣ ያሳውቃል፣ ቢበዛ ያሳስባል። ማስጠንቀቂያ ከላይ ወደ ታች በደብዳቤ የሚወርድ የቅጣት እርከን ነው። እንግዲህ አደጋውን የሚያየው የበታቹ ሲሆን በየትኛው ግሥ ይናገር?

በ1958 ዓ.ም. የወረ ኢሉ አውራጃ ረኃብ ወሬ አገር ግዛት ሚኒስቴር ደረሰ። ከዚያ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ለመድረስ 302 ቀናት ፈጀ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚኒስቴሩ ጉዳዩን እንዲመለከት አዘዙ፤ ሚኒስቴሩም የሞቱትን ሰዎች ስም ዝርዝር እንዲልክ ወሎን ጠየቀ። ጥያቄው ብዙ ይነግረናል፤ ማስጠንቀቂያ ስለሚመጣው ሲናገር፣ ዝርዝሩ ስላለፈው የሚናገር ነውና።

ከ7 ዓመት በኋላ መከራው በራያና ቆቦ አውራጃ ጸና። ይህ በምዕራቡ ደጋና በዞብል ተራሮች መካከል የተዘረጋ ቆላ ከደጋው በሚወርድ ጎርፍና በማሽላ የሚኖር አገር ነው። ረዥም ጊዜ የሚፈልገው ማሽላ የበልጉን ዝናብ ይጠብቃል፤ ዝናቡ ሲቀር ገበሬው ቶሎ ወደሚደርስ ሰብል ይዞራል፣ ያም ሲከዳው ከብቱን ይሸጣል። ምልክቱን መጀመሪያ ያነበበው እርሱ ነበር። በ1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያዩትን በምስል ይዘው ተመለሱ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ሰማ፤ ለብዙዎች ግን ጊዜው አልፎ ነበር።

በዚያው ዓመት የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተመሠረተ፤ በኋላም «ቅድመ ማስጠንቀቂያ» የሚባል አሠራር ዘረጋ። ከታች ወደ ላይ የሚሄድ ማስጠንቀቂያ መንግሥታዊ ስም አገኘ ማለት ነው። ስሙ ግን ብቻውን አልበቃም። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ኮሚሽነር ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ለጋሾችን ሰብስበው የእህል እርዳታ ጠየቁ። የተገመተው ፍላጎት ወደ 900,000 ቶን ነበር፤ የተጠየቀው ማከፋፈል ይቻላል የተባለው 450,000 ቶን ብቻ ነበር። አደጋው በአቅም ልክ ሲነገር ማስጠንቀቂያው ወደ ማሳሰቢያ ወረደ ብዬ አነባለሁ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በድምቀት ተከበረ፤ ጥቅምት 13 ቀን ደግሞ የማይክል በርክ ዘገባ ከኮረም ተሰራጨ። ያኔ ኮረም የዚሁ የራያና ቆቦ አውራጃ ከተማ ነበረች።

ቃል ብቻውን ሰው አያድንም የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ እውነት ነው። አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት በ1965ቱ ረኃብ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አለመናሩን አሳይቷል፤ የተራበው ሰው የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው። እንግዲህ የከተማውን ዋጋ ብቻ የሚመለከት ሹም ምንም አደጋ አያይም ነበር። ይህ ግን ነጥቤን ያጠናክረዋል፦ ገበያው ዝም ሲል የሚቀረው የገበሬው ቃል ነው፤ ያ ቃል ደግሞ በየጽሕፈት ቤቱ ሲያልፍ ክብደቱን መጠበቅ አለበት።

ስለዚህ ተማሪዎች ስትተረጉሙም ሆነ ሰነድ ስትመረምሩ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ውሳኔው የማን ነው? አደጋው ምን ያህል ቀርቧል? ሰሚው ዝም ቢል ማን ይጠየቃል? «ዋርን» የሚለውን «አሳሰበ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ሦስተኛውን ጥያቄ ከሰነዱ ያጠፋዋል። የታሪክ ጸሐፊም በበኩሉ የጮኸውን ሰው «አመለከተ» ብሎ ከመዘገበው፣ ያልሰማውን ሹም ነጻ አውጥቶታል።