የቤት መምህር በራስ መኮንን ግቢ

በኢትዮጵያ መኳንንት ዘንድ ልጅን ከግቢ ሳያወጡ መምህር እቤት አስመጥቶ ማስተማር የቆየ ልማድ ነበር። የተራው ሰው ልጅ ፊደል የሚቆጥረው በደብሩ አጸድ ሥር ተቀምጦ የኔታ እየሰሙት ሲሆን፣ ከንባብ አልፎ ዜማና ቅኔ የፈለገ እንደሆነ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ ከወላጆቹ ተሰውሮ በቆሎ ተማሪነት አገር ላገር ይዞር ነበር። የመኳንንት ልጅ ግን መምህሩ ቀለብና ልብስ ተቆርጦለት እግቢ ድረስ ይመጣለታል። የትምህርቱ ይዘት ከደብሩ ብዙም አይለይም። ልጁ ፊደሉን በስንደዶ እየጠቆመ ሀሁንና አቡጊዳን ይለያል፤ ቀጥሎ በመልእክተ ዮሐንስ ንባብ ይጀምራል፤ መጀመሪያ ግዕዝ በሚባለው አካሄድ ፊደሉን አንድ በአንድ እየጠራ፣ ከዚያ በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም የቃሉን መነሣትና መውደቅ ጠብቆ በሚነበበው በቁም ንባብ ያንኑ ምዕራፍ ይደጋግምና ዳዊት ሲደግም ለመኳንንት ልጅ የሚበቃው ትምህርት ተፈጸመ ይባላል። ሴቶች ልጆችም በዚሁ መንገድ ዳዊት ይደግሙ ነበር፤ እቴጌ ጣይቱ አማርኛ ጽሕፈትና ግዕዝ ማወቃቸው የዚህ ልማድ ፍሬ ነው።

ይሁን እንጂ ትምህርቱ ከንባብ እንዳያልፍ የሚያደርግ አመለካከት ነበረ። መጻፍ የጸሐፊ ሥራ እንጂ የጌታ ልጅ ሙያ ተደርጎ አይታይም ነበር፤ ብዕር ይዞ የሚውልም በደብተራነት፣ ከዚያም አልፎ በጠንቋይነት ይጠረጠር ነበር። ለሹመት የሚያበቃው እውቀት ፈረስ መጋለብ፣ አደን፣ ችሎት ላይ ቆሞ መሟገትና የግብር ሥርዓት ሲሆን፣ ይህም የሚገኘው ከመምህር ሳይሆን ከአባት ሥር ሆኖ በማየት ነበር። የውጭ አገር ቋንቋ የሚማር ልጅ ደግሞ ሃይማኖቱን ለውጦ ይመጣል ተብሎ ይፈራ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ፈረንጅኛ የሚያውቁ ኢትዮጵያውያን በአብዛኛው ከሚሲዮን የወጡ ስለነበሩ ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ ነበር ለማለት አይቻልም።

የሐረሩ ገዥ ራስ መኮንን ወልደ ሚካኤል ይህን ልማድ ሳያፈርሱ ከውስጡ ለወጡት። ሐረር ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በ1879 ዓ.ም. በምኒልክ እጅ ስትገባ የግብፅን አስተዳደር የቀመሰች፣ የአረብ፣ የህንድ፣ የግሪክና የፈረንሳይ ነጋዴ የሚመላለስባት ከተማ ነበረች፤ በ1895 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር ድሬዳዋ ሲደርስ ደግሞ የውጭው ዓለም ከደጇ ቆመ። ራስ መኮንን ከቆንስሎች ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር። በ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል እንደተፈረመ ወደ ኢጣልያ የተላከውን መልእክተኛ ጓድ የመሩት እርሳቸው ሲሆኑ፣ የዚያ ውል የአማርኛና የጣልያንኛ ቅጂዎች አለመስማማት አገሪቱን እስከ ዐድዋ ጦርነት እንዳደረሳት ከማንም ይልቅ ያውቁት ነበር። በ1894 ዓ.ም. ለንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የዘውድ በዓል ወደ ለንደን ተጉዘው አውሮፓን ዳግመኛ አይተዋል። ልጃቸውን ተፈሪን፣ ኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑትን፣ ፈረንሳይኛ ለማስተማር ያነሣሣቸው ምን እንደነበረ ከዚህ በኋላ መገመት አያዳግትም።

ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ኤጀርሳ ጎሮ ላይ የተወለደው ተፈሪ ሁለት ዓመት ሳይሞላው እናቱን ወይዘሮ የሺእመቤትን በሞት በማጣቱ፣ አስተዳደጉና ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ የአባቱ ውሳኔ ሆኖ ቀረ። አማርኛውንና ግዕዙን እንደ ማንኛውም የመኳንንት ልጅ ከካህናት ተማረ፤ አዲሱ ነገር ከዚያ በላይ የተጨመረው ነበር። ራስ መኮንን ከጓዴሎፕ ደሴት መጥቶ በሐረር ሕክምና ይሠራ የነበረውን ዶክተር ቪታልየንን ለልጃቸው ፈረንሳይኛ እንዲያስተምር አደረጉ፤ በመቀጠልም በካቶሊኩ ጳጳስ በአባ እንድርያስ ዣሮሶ ሚሲዮን የተማሩትን ኢትዮጵያዊ፣ አባ ሳሙኤል ወልደ ካህንን መምህር አድርገው ሰጡት። የኦርቶዶክስ ገዥ ለወራሹ ከካቶሊክ ሚሲዮን መምህር ሲመርጥ ምን ዓይነት ሐሜት እንደሚያስከትል ያላወቁ አይመስልም፤ ነገር ግን የካህናቱ ትምህርት ሳይቋረጥ ጎን ለጎን እንዲሄድ በማድረጋቸው ሐሜተኛው የሚይዘው ነገር አነሰው። ልጁንም ብቻውን አላስቀመጡትም። የቅርብ ዘመዱ እምሩ ኃይለ ሥላሴ፣ ኋላ ልዑል ራስ እምሩ የተባሉት፣ አብሮት አደገ፣ አብሮትም ተማረ።

ይህ የግቢ ትምህርት ረጅም ዕድሜ አልነበረውም። ራስ መኮንን በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ቁልቢ ላይ ሲሞቱ ተፈሪ ገና 14 ዓመት አልሞላውም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ተወስዶ በ1901 ዓ.ም. በተከፈተው የምኒልክ ትምህርት ቤት ለጥቂት ጊዜ ገባ። የአባ ሳሙኤል ነገር ግን በዚያ አላበቃም። ደጃዝማች ተፈሪ ሐረርን ሲገዙ መምህራቸው አብረዋቸው ነበሩ፤ በግንቦት 1907 ዓ.ም. በሐረማያ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሲሄዱ ጀልባይቱ ውሃ ገብቶባት ስትሰጥም ደጃዝማቹ ተረፉ፣ አባ ሳሙኤል ሰጠሙ። ተማሪው በዚያን ጊዜ 22 ዓመቱ ነበር።

ያደገው ልጅ የአባቱን ምርጫ እንዴት እንደ መዘነው የምናውቀው ከዚያ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በስደት ባዝ በምትባለው የእንግሊዝ ከተማ ተጀምሮ የመጀመሪያው ክፍል በ1965 ዓ.ም. ከታተመው «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ከተባለው መጽሐፋቸው ነው። በዚያ ውስጥ አባታቸው አርቆ አሳቢ፣ አባ ሳሙኤል ደግሞ ደግና ትሑት መምህር ሆነው ይታያሉ። ይህን ምስክርነት የሚያነብ የታሪክ ሰው ሁለት ነገር ማስተዋል አለበት። አንደኛው፣ ጸሐፊው ዙፋኑን በኢጣልያ ወረራ ያጣ ንጉሠ ነገሥት በመሆኑ፣ የሥልጣኔ ዘመኑን ሥር ከአባቱ ግቢ ለመሳብ የራሱ ምክንያት እንዳለው ነው። ሁለተኛው፣ ምስጋናው በልጅነት ሊነገር የማይችል መሆኑ ነው፤ የግቢ ልጅ ፈረንሳይኛ ለምን እንደሚጠና ሊገባው የሚችለው ቋንቋው ሥራ ላይ ሲውል፣ ማለትም በመስከረም 1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባና አልጋ ወራሹ ተፈሪ በዚያው ዓመት አውሮፓን ሲጎበኙ ብቻ ነበር። ምስክርነቱ በዚህ ምክንያት ውሸት አይሆንም፤ ዘግይቶ የበሰለ መሆኑ ግን መዘንጋት የለበትም። በሰኔ 1928 ዓ.ም. ዤኔቭ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ያሰሙትን አቤቱታ ፈረንሳይኛ እያወቁ በአማርኛ መናገራቸውም ሲታሰብ፣ ከግቢው ትምህርት የሁለቱም ወገን፣ የካህናቱም የአባ ሳሙኤልም፣ ሥራ አብሮ እንደነበረ ይታያል።

ለአባት ምርጫ የተሰጠው ትልቁ ምስጋና ግን በመጽሐፍ የተጻፈው ሳይሆን በ1917 ዓ.ም. የተሠራው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ነበር፤ ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገውም ምስጋናው ራሱን የቤት ትምህርት ልማድ ማስቀረቱ ነው። የምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት የጳጳሱን የአቡነ ማቴዎስን ሥጋት ለማብረድ መምህራኑ ከግብፅ ቅብጦች እንዲመጡ ተደርጎ ነበር፤ ራስ መኮንን በግቢያቸው ውስጥ ያለ ማንም ፈቃድ የፈቱትን ችግር መንግሥት ሲፈታው ከቤተ ክህነት ጋር መስማማት ነበረበት። አልጋ ወራሽ ተፈሪ በራሳቸው ገንዘብ ያቆሙት ትምህርት ቤት ይህን ጥንቃቄ አሳጥሮ የአባታቸውን የግቢ አሠራር ለብዙ ልጆች አደረሰው። በ1923 ዓ.ም. ደግሞ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ እስከዚያ ከየኔታ ዳዊት ተምረው ከቤት የማይወጡት የመኳንንት ሴቶች ልጆች ዩኒፎርም ለብሰው ከግቢ መውጣት ጀመሩ። በአንድ ትውልድ ውስጥ መምህርን መምረጥ ከአባት እጅ ወደ መንግሥት እጅ ተላለፈ፤ ለመምህር ይቆረጥ የነበረው ቀለብም የመንግሥት ደመወዝ ሆነ።

ምስጋናውም አድራሻውን ቀየረ። ከነጻነት በኋላ በነበሩት ዓመታት ንጉሠ ነገሥቱ በበዓል ቀን ወደ ትምህርት ቤቶች እየሄዱ ለልጆች ብርቱካንና ሹራብ ያድሉ፣ ልጆቹም «አባባ ጃንሆይ» እያሉ ይጠሯቸው ነበር፤ ራስ መኮንን ለአንድ ልጅ የነበሩትን አባትነት እርሳቸው ለአገር ልጅ ሁሉ ሊሆኑ መፈለጋቸው ከዚህ በላይ አይገለጥም። ነገር ግን አንድ አባት ለልጁ የሚመርጠው ትምህርት የሚያመጣው ውጤት ሁልጊዜ የተጠበቀው እንዳልሆነ ሁሉ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት ያደጉት ልጆች በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ። ከአባ ሳሙኤል ሥር አብረው የተቀመጡት ልዑል ራስ እምሩ ደግሞ የራሳቸውን መሬት ለጭሰኞች አስቀድመው ያከፋፈሉ፣ «ቀዩ ራስ» የሚል ቅጽል ስም ያተረፉ ሰው ነበሩ። የልጅነታቸውን ዘመን ጨምሮ የሕይወታቸውን ታሪክ የጻፉበት «ካየሁት ከማስታውሰው» ለኅትመት የበቃው ከሞቱ ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2002 ዓ.ም. ነው፤ ስለ ራስ መኮንን ግቢ ማወቅ የሚፈልግ አንባቢ የንጉሠ ነገሥቱንና የእርሳቸውን መጽሐፍ ጎን ለጎን ቢያነብ ይሻላል።