አጸዱን ማን ተከለው?

ጸጥ ያለ፣ ሰው ራሱን የሚያዳምጥበት የአትክልት ስፍራ ሲነሣ ብዙዎቻችን ወደ ባሕር ማዶ እናያለን። የጃፓን ገዳማትን የድንጋይ አትክልት እናደንቃለን፤ ማድነቁስ ባልከፋ። ነገር ግን እዚሁ በሰሜኑ ደጋ፣ በተራቆተው ማሳ መካከል እንደ ደሴት ጉብ ብሎ የሚታየውን አረንጓዴ ነገር ምን ልንለው ነው? አባቶቻችን አጸድ ብለውታል፤ የቤተ ክርስቲያን አጸድ።

እስቲ ገባ ብለን እንየው። እንደየአገሩ አየር ጽዱ፣ ወይራው፣ ዋንዛው፣ ብሳናው፣ ከፍ ያለው ደጋ ላይም ኮሶው አለ። ወደ ውስጥ በዘለቅን ቁጥር የውጪው ጫጫታ ይርቃል፤ ፀሐዩም ይበርዳል። የቆሎ ተማሪው ቅኔ ሲቆጥር ከጓደኞቹ ተነጥሎ ከዛፍ ሥር የሚቀመጠው ወዶ አይደለም፤ ሐሳብ ጸጥታ ይፈልጋል። ስለ ሥነ ጽሑፋችን ታሪክ ስናወራ ብራናውንና መምህሩን እናነሣለን። ጥላውን ግን እንረሳለን።

ታዲያ ይህን አትክልት ማን ተከለው? ሰው የተከለው አለ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም.) ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው መናገሻ ተራራ ላይ አስተከሉ እየተባለ ይነገራል። አብዛኛው አጸድ ግን የተተከለ ሳይሆን የተተወ ነው። ዙሪያው ሲመነጠር እሱ ቀረ። መጥረቢያ የያዘው ሰው ከቅጥሩ ሲደርስ ስለተመለሰ ቀረ።

መተው ደግሞ ቀላል ነገር እንዳይመስለን። አዲስ አበባን እንይ። በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች፤ ብዙ ሳይቆይ የአካባቢዋ ደን ለቤትና ለማገዶ ተመናመነ። ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማይቱን ያተረፋት በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ስለዚህ ባሕር ዛፍን አንሳደብ። ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆርጡት ያቆጠቁጣል፣ ለድኻው ማገዶም ማገርም ነው። የቸኮለ ሰው ዛፍ ነው። ከሥሩ ግን ሌላው እንደ ልቡ አይበቅልም።

አገር በቀሉ ጠባዩ ሌላ ነው። በኋላ «እመጓ»ን የደረሱት ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን አጸድ አጥንተው፣ በ2002 ዓ.ም. ገደማ ባወጡት ጽሑፍ 500 ሄክታር ያህል ቦታ ላይ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። አስደሳች ነው። የሚያስፈራው ቀጥሎ ያለው ነው። አፈሩ ሲመረመር የብዙዎቹ ዛፎች ዘር አልተገኘበትም፤ መሬት ውስጥ ተኝቶ ዓመታት የሚጠብቅ ዘር የላቸውም። እናቲቱ ዛፍ ከወደቀች ከአፈሩ የሚነሣ ወራሽ የለም ማለት ነው። የበቀለውንም ችግኝ ከብት ከገባ ይግጠዋል፣ ይረግጠዋል። በአንዳንድ ቦታ ካህናቱና ገበሬው ከማሳ ላይ ድንጋይ እየለቀሙ ቅጥር መካብ የጀመሩት ለዚህ ነው። ማሳው ከድንጋይ ይጸዳል፣ አጸዱም ይታጠራል። በአንድ ድካም ሁለት ሥራ!

ከተማም ብትሆን ከዚህ መማር ጀምራለች። በ2000ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በ705 ሄክታር ላይ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልን መሥርተዋል፤ ባሕር ዛፍ በወረሰው ተዳፋት አገር በቀሉን ለመመለስ።

እኛስ? የስድስት ኪሎ ግቢ በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ከመሆኑ በፊት ስሙ ገነተ ልዑል ነበር። ገነት ማለት አትክልት ነው እንግዲህ! ስሙ እንዲያው ከሚቀር አንድ ጥግ እንለይ። አንድ ወይራ፣ አንድ ኮሶ፣ አንድ ዝግባ እንትከል፤ ዙሪያውን ድንጋይ እንካብ፤ አቋራጭ መንገድ አናውጣበት። ከዚያ በኋላ ዋናው ሥራ እንደ አባቶቻችን መተው ነው። ዝግባው እኛ ተመርቀን ስንወጣ ገና ከወገባችን አይደርስም ይሆናል። ይሁን። በጥላው ሥር ተቀምጦ የሚጽፈውን ተማሪ አናውቀውም፤ አጸዱን ያቆዩልን ሰዎችም እኛን አያውቁንም ነበር።