መሳቢያ ውስጥ የከረመው ካሴት

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የማወጋችሁ ስለ አንድ ካሴት ነው። የዘፈኑን ካሴት አይደለም፤ የጌሙን ነው፤ ያንን ማጫወቻው ላይ የሚሰካውን። አልነሳ ሲለን ነቅለን ከሥሩ እፍ እንልበት ነበር። ከተነሳ እልልታ ነው! የሚያስነሳው ግን እፍታችን አልነበረም፤ ነቅሎ መልሶ መሰካቱ ነበር። ትንፋሻችንማ እርጥበት እያስገባ የብረት ጥርሶቹን ዝገት ያስይዝ ነበር።

ጊዜው 1986 ነው፤ በዚህ ወግ የምጠራው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው ለገና ስጦታ እንዲሆን የኒንቴንዶን «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ገዛ። ስጦታው ግን ለማንም ሳይደርስ የጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ገባ፤ እዚያው ተረሳ። ዓመት በዓመት ላይ ተደራረበ። የዚያን ዘመን ልጆች አድገው ወለዱ፤ ካሴቱ ግን ላስቲኩ እንኳ ሳይቀደድ መሳቢያው ውስጥ ከረመ። በ2021 መጀመሪያ ተገኘ፤ በኤፕሪል ዳላስ በሚገኘው ሄሪቴጅ የጨረታ ቤት ቀረበ። ስንት ያወጣ ይመስላችኋል? 660,000 ዶላር! አዲስ ሆኖ ሱቅ ውስጥ ሳለ ሃምሳ ዶላር እንኳ አያወጣም ነበር።

የጌም ካሴት ሁልጊዜ እንዲህ የሚከበር እንዳይመስላችሁ። ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። በ1982 ማብቂያ አታሪ የተባለው ኩባንያ የስቲቨን ስፒልበርግን ፊልም ተከትሎ «ኢ.ቲ.» የተሰኘ ጌም አወጣ። ለገና ገበያ ይድረስ ተብሎ ለሠሪው ለሃዋርድ ስኮት ዋርሾ የተሰጠው አምስት ሳምንት ያህል ብቻ ነበር። ጌሙ ከሰረ። በሴፕቴምበር 1983 አታሪ ያልተሸጡ ካሴቶቹን በጭነት መኪና አስጭኖ ኒው ሜክሲኮ በረሃ ውስጥ፣ አላሞጎርዶ ከምትባል ከተማ ቆሻሻ መጣያ ወስዶ ደፋቸው፤ ሲሚንቶም አስፈሰሰባቸው። ሠላሳ ዓመት አለፈ። በ2014 ቆፋሪዎች መጥተው 1,300 ያህሉን አወጡ፤ ሣጥናቸው የተጨማደደ፣ አፈር የጠገበ ነበር። ከተማዋ ለጨረታ ስታቀርባቸው አንዱ ከ1,500 ዶላር በላይ አወጣ። ሌላው ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ገባ።

ልብ በሉ፤ አንዱ ተረስቶ፣ ሌላው ተቀብሮ ነው የከበረው። ተጫውቶባቸው የወደዳቸው ሰው አይደለም ያከበራቸው።

ታዲያ ዋጋውን ሰማይ የሰቀለው ምንድን ነው? በ2010ዎቹ መጨረሻ ዴንቨር ላይ ዋታ የተባለ ድርጅት ተነሳ። የታሸገ ጌም ይቀበላል፤ ይመረምራል፤ ከአሥር ነጥብ ይሰጣል፤ ለላስቲኩ ደግሞ ለብቻው በፊደል ማዕረግ ይሰጣል። ከዚያም በጠንካራ ግልጽ ፕላስቲክ ዘግቶ ለባለቤቱ ይመልሳል። ዕቃው ቁጥር ሲለጠፍበት አይቶት የማያውቅ፣ ተጫውቶት የማያውቅ ሰው ሁሉ እንደ አክሲዮን ሊገዛው ቻለ። በፌብሩዋሪ 2019 አንድ የታሸገ ማሪዮ 100,150 ዶላር አወጣ። ገዢዎቹ ሦስት ሆነው ያዋጡ ናቸው፤ አንዱ ከሄሪቴጅ መሥራቾች መካከል ነበር።

ቀጥሎ ኮቪድ መጣ። ሰው ቤቱ ተዘጋበት። በሰማንያዎቹ ልጅ የነበረው አሁን ደመወዝተኛ ሆኗል፤ የልጅነቱን ጌም መፈለግ ጀመረ። ፈላጊው በዛ፤ አሮጌው ካሴት ግን እንደገና አይመረትም። በጁላይ 9 ቀን 2021 የታሸገ «ዜልዳ» የተሰኘ ጌም በ870,000 ዶላር ተሸጠ። ከሁለት ቀን በኋላ «ሱፐር ማሪዮ 64» 1.56 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ኦገስት ላይ ሌላ ማሪዮ ሁለት ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። «ሱፐር ማሪዮ 64» ብርቅዬ እንዳይመስላችሁ፤ ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጋ ቅጂ የተሸጠለት ጌም ነው። ብርቅ የሆነው ያልተነካው ላስቲክ ነው።

በዚያው ወር ካርል ጆብስት የተባለ አውስትራሊያዊ ቪዲዮ ሠሪ ደረጃ ሰጪው ዋታና አጫራቹ ሄሪቴጅ ተመሳጥረው ዋጋ አንረዋል ሲል በቪዲዮ ከሰሰ። ሁለቱም አስተባበሉ። ከዚያ ወዲህ የታሸጉት ዋጋ ረገብ ብሏል። ዳፋው ግን ለተጫዋቹ ተረፈ። ዜናውን የሰማ ሁሉ የቆጡን ካርቶን አውርዶ የተፋቀውንም፣ የልጅ ስም በእስክሪብቶ የተጻፈበትንም ካሴት እንደ ወርቅ ይተምነው ጀመር። ቀድሞ ተማሪ በኪስ ገንዘቡ የሚገዛው ያገለገለ ካሴት መስታወት ውስጥ ገብቶ ተቆለፈበት። «ገንዘብ የሌለው አይጫወተው» ማለት ነው? ሌላ በር ቢኖርማ ባልከፋ። በ2023 የወጣ የአሜሪካው የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን ጥናት እንዳለው፣ ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው በጥናቱ ጊዜ በገበያ አይገኙም ነበር። ካሴቱን ያጣ ጌሙንም አጣ።

አሁን ወደዚያ 870,000 ዶላር ወደወጣበት «ዜልዳ» ልመልሳችሁ። ጌሙ በ1987 አሜሪካ ሲገባ ወርቅማ ካሴት ነበር፤ በሆዱም ሳንቲም የምታህል ባትሪ ነበረችው። ሥራዋ ተጫዋቹ የደረሰበትን ማስታወስ ነው። ሦስት ተጫዋቾች ስማቸውን ይጽፋሉ፤ ወንድምና እህት ተራ በተራ ይጫወታሉ፤ ማጫወቻው ጠፍቶ ሲያድር ባትሪዋ ሳትተኛ የሁሉንም ይዛ ታድራለች። ሣጥኑ ታሸገም ተከፈተ ባትሪዋ ትደክማለች። በዚያ ፕላስቲክ ውስጥ ሞታ ይሁን በሕይወት ትኑር ሳይከፍቱ ማወቅ አይቻልም፤ ከፈቱት ደግሞ ዋጋው ይረግፋል። ማስታወስ የተሠራችበት ሥራዋ ሆኖ ሳለ የአንድም ልጅ ስም ሳትይዝ ታልፋለች።

የእኔ ፍርድ ይኸው ነው፦ ጌም የሚከብረው ሲጫወቱት ነው። መሸጥ ነውር አይደለም፤ የቸገረው ይሽጥ። ግን ቆጥ ላይ፣ አልጋ ሥር፣ ሻንጣ ውስጥ አሮጌ ካሴት ያላችሁ፣ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉልኝ። እፍ አትበሉበት። ጥጥ በአልኮል ነክራችሁ ጥርሶቹን ጥረጉ፤ እስኪደርቅ ጠብቁ። ከዚያ ሰክታችሁ መጫወቻውን ለልጃችሁ አስረክቡ፤ እናንተም አጠገቡ ተቀመጡ።