‘አውቆ አበድ’ ወይስ ሕመምተኛ? እምብዛም የማይታወቀው የጋንሰር ሲንድረም

«ላም ስንት እግር አላት?» ሲባል «አምስት»፣ «ሁለትና ሁለት ስንት ነው?» ሲባል «ሦስት» ብሎ የሚመልስ ጎልማሳ ቢያጋጥመን፣ ብዙዎቻችን «አውቆ አበድ ነው» ብለን እናልፈው ይሆናል። መልሱ የተሳሳተ ቢሆንም ከትክክለኛው አይርቅም፤ ሰውየው ጥያቄው እንደገባው ያሳብቃል። የአእምሮ ሐኪሞች ግን እንዲህ ያለ መልስ ሲሰሙ፣ ከመፍረዳቸው በፊት ሊያስቡት የሚገባ አንድ ብርቅ ሕመም አለ፤ የጋንሰር ሲንድረም ይባላል።

ሕመሙ የተሰየመው በጀርመናዊው የአእምሮ ሐኪም በሲግበርት ጋንሰር ነው። ጋንሰር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1897 በሃለ ከተማ ባደረገው ንግግር የሦስት እስረኞችን ሁኔታ ገለጸ፤ በቀጣዩም ዓመት ጽሑፉን አሳተመ። እስረኞቹ ለቀላል ጥያቄዎች ለእውነት የቀረበ ስሕተት ይመልሱ ነበር። አእምሯቸው ይደነግዛል፤ የሌለ ነገር ያያሉ፣ ይሰማሉ፤ የቆዳቸው ስሜትም ይዛባል። ሁኔታው በድንገት ሲለቃቸው የሆነውን አያስታውሱም። ጋንሰር ሰዎቹ አስመሳዮች ሳይሆኑ ሕመምተኞች ናቸው ሲል ደመደመ።

ማስመሰል ከሕመም በምን ይለያል?

ለጥቅም ወይም ከአደጋ ለማምለጥ እብደትን ማስመሰል ጥንትም የነበረ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ዳዊት የጌት ንጉሥ አንኩስን ፈርቶ እንደ እብድ ሆኖ ታይቷል። በኒው ዮርክ የማፊያ አለቃ የነበረው ቪንሰንት ጂጋንቴ ለብዙ ዓመታት በመታጠቢያ ካባ በየመንገዱ እየተንከራተተ ራሱን እንደ እብድ ካሳየ በኋላ፣ በ2003 ማስመሰሉን በፍርድ ቤት አምኗል። ሁለቱም የሚፈልጉትን ያውቁ ነበር።

በጋንሰር ሲንድረም ይህ ድንበር ይደበዝዛል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ በ1980 ሕመሙን ሆን ተብለው ከሚፈጠሩ የሕመም ምልክቶች መደበው፤ በ1987 ግን ከከባድ ውጥረት የተነሣ ትውስታና ራስን ማወቅ ከሚዛቡባቸው ሕመሞች ጎራ አዛወረው። «አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም» የሚለው ብሂላችን እዚህ ላይ አይሠራም፤ ሕመምተኛው አውቆ የተኛ ላይሆን ይችላልና።

ተመሳሳይ ምልክት በጭንቅላት ጉዳት፣ በስትሮክ፣ በሚጥል በሽታና በከባድ ድብርትም ሊታይ ይችላል። ስለዚህ «እያስመሰለ ነው» ብሎ ማሰናበት ሊታከም የሚችል ሕመምን ማለፍ ሊሆን ይችላል። ለሲንድረሙ የተለየ መድኃኒት የለም። የሚረዳው ደኅንነቱ የተጠበቀ ቦታ፣ ያስጨነቀውን ነገር ማቃለል፣ የንግግር ሕክምናና ክትትል ነው፤ ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላ ድብርት ሊከተል ይችላልና።

በባዕድ አገር፣ በባዕድ ቋንቋ

ጉዳዩ ለስደተኞች ሌላም ትርጉም አለው። በአትላንታ አቅራቢያ በብሩክሄቨን የሚኖር አዲስ መጤ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ፊት ቀርቧል እንበል። «ዓመቱ ስንት ነው?» ሲባል በእኛ አቆጣጠር ቢመልስ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጎድላል። ከጠዋቱ ስምንት ሰዓት ላይ «ስንት ሰዓት ነው?» ሲባልም «ሁለት» ይላል። መልሱ ትክክል ነው፤ የእኛን አቆጣጠር ለማያውቅ መርማሪ ግን የተዛባ አእምሮ ምልክት፣ ወይም ማስመሰል፣ ሊመስለው ይችላል።

ስለዚህ አስተርጓሚ መጠየቅ ቅንጦት አይደለም። በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች እንግሊዝኛ በሚገባ ለማይናገር ታካሚ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ቤተሰብም የሰውየው ጠባይ መቼ እንደተለወጠ፣ ወድቆ ወይም ተመትቶ እንደሆነ፣ ምን እንዳስጨነቀው ለሐኪሙ ቢያስረዳ ምርመራውን ያግዛል። አስቸኳይ የአእምሮ ጤና እርዳታ የሚፈልግ በመላ አሜሪካ 988 ደውሎ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል።