ወላድ ዓሣ

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የጌጥ ዓሣ መሸጫ መስታወት ላይ «ሕያው ተሸካሚ ዓሣዎች» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ አየሁ። ገንዳው ውስጥ ጉፒ፣ ሞሊ፣ ፕላቲና ሰይፍ ጅራት ይዋኛሉ። እንቁላል አይጥሉም፤ ልጆቻቸውን ወዲያው መዋኘት የሚችሉ አድርገው ይወልዳሉ። ከዚያ ወዲህ ሐረጉን ዓሣ ከሚያረቡ ወጣቶች አፍም ደጋግሜ ሰማሁት፤ በሰማሁት ቁጥርም ያንገበግበኛል።

ሐረጉ የተተረጎመበት እንግሊዝኛ፣ livebearer፣ መሸከምንና መውለድን በአንድ ግሥ ይጠራል። ተርጓሚው ሸክሙን አነሣ፣ ልጁን ተወው። በአማርኛ «ተሸካሚ» ሲባል ትከሻና ጀርባ ይታየናል፤ «ሕያው» ሲባል ደግሞ ጆሯችን ወደ ጸሎት ይሄዳል። ሁለቱ ሲገጠሙ የሚወልድ ነገር ከቶ አይታሰብም።

ደግሞስ ተሸካሚ ዓሣ ከተፈለገ እዚሁ አገራችን አለ፤ ቆሮሶ። እናቲቱ የጣለችውን እንቁላል በአፏ ትሰበስብና ተፈልፍሎ ጫጩቶቹ እስኪጠነክሩ ድረስ ይዛው ትዞራለች። ስሙን ለጉፒ ከሰጠን ለጣናና ለዝዋይ ቆሮሶ ምን ሊተርፍ ነው?

እኔ ያደግሁት መንዝ ነው፤ የበርኖስና የባና አገር፣ የበግ አገር። እዚያ በግ ወለደች ይባላል፣ ዶሮ ጣለች ይባላል፤ ሁለቱን የሚያምታታ እረኛ የለም። ከደጋው ወርዶ ወንጭት ወንዝ ላይ አምባዛ የሚያጠምደው ሰውም የሚያውቀው እንቁላል የምትጥል ዓሣ ነው። ስለዚህ ዓሣ «ወለደች» የምንልበት አጋጣሚ አልነበረም። አጋጣሚው ዛሬ መጣ፤ ቃሉ ግን በረት ውስጥ ሲጠብቀን ኖሯል። ወላድ በሉት፤ ወላድ ዓሣ።

«ወላጅ ዓሣ» ይሻላል የሚሉ አሉ። አመሠራረቱ እንከን የለውም፤ ደ ወደ ጅ የተለወጠው በወዳጅና በሂያጅ እንደተለወጠው ነው። ግን ወላጅ ዛሬ እናትንም አባትንም የሚጠራ ስም ሆኗል፤ ቆሮሶም ለጫጩቶቿ ወላጅ ናት። ወላድ የእንስቷን ጠባይ ይናገራል። የመሲና ተቃራኒ ነው፤ መሲናዋ ለቢላ ስትታጭ ወላዷ በግ ለዘር ትቀመጣለች።

«ወላድ እኮ ብዙ የምትወልድ ማለት ነው» ብሎ አንድ ወዳጄ ተከራክሮኛል። ይህ ለእኔ ያደላል። ጉፒ በየወሩ ገደማ ትወልዳለች፤ በአንድ ጊዜ ሃያ፣ ሠላሳ፣ ከዚያም በላይ። ከወንድ አንዴ የተቀበለችውን ዘር በሰውነቷ አቆይታ ለወራት ያለ ወንድ ደጋግማ መውለድ ትችላለች። ወላድ ያልተባለች ማን ትባል? እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ነው የሚፈለፈለው የሚለው የባዮሎጂ ክርክርም ስሙን አያፈርሰውም፤ ከእናቲቱ የሚወጣው የሚዋኝ ዓሣ ነው።

ጉፒ የሚለው ግን ይቆይ። የሰው ስም ነው፤ ትሪኒዳድ ይኖር ለነበረው ለሮበርት ሌክሚር ጉፒ መታሰቢያ በ1866 እ.ኤ.አ. የተሰጠ። የሰው ስም አይተረጎምም።

ለልጆቹስ? የዓሣ እርባታ ባለሙያዎች «የዓሣ ጫጩት» ይላሉ፤ ለቆሮሶ ልክ ነው፣ ተፈልፍሏልና። የወላድ ዓሣ ልጅ ግን ግልገል ይባል ዘንድ እሟገታለሁ። ግልገሎቹን እናታቸው ራሷ ካገኘቻቸው ትበላቸዋለች፤ ገንዳው ጥቅጥቅ ያለ ተክል የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። እግረ መንገዴን፣ የተለያዩ ዓሣዎች ሳይጣሉ አብረው የሚኖሩበትን ገንዳ «የማኅበረሰብ አኳሪየም» ከማለት «የደባል ገንዳ» ብንለው ደስ ይለኛል። አንድ ቤት ተጋርተው በሰላም የሚያድሩ ሰዎች በአማርኛ ደባል ናቸው።

ባለፈው ክረምት መንዝ፣ መሐል ሜዳ ላሉት እናቴ ስደውል ቤቴ ስላለችው ዓሣ ነገርኳቸው። እማማ የመስታወት ገንዳ አይተው አያውቁም።

«ወላድ ናት፣ እማዬ። ትናንት ሌሊት ወልዳ አደረች፤ ግልገሎቿን ከተክሉ ሥር ሸሸግኳቸው» አልኳቸው።

«እሰይ! ስንት ወለደች?» አሉኝ።